ፍርሃት የተለየው ሕመም፦ ስለ ጉንፋን ሥቃይና ስለሚያስከትለው ሣቅ

ሮማዊው ፈላስፋ ሴኔካ በሕይወቱ የመጨረሻ ዓመታት ለወዳጁ ለሉኪሊዮስ ከጻፋቸው ደብዳቤዎች መካከል በ78ኛው ላይ፣ በማናቸውም ሕመም ውስጥ ሦስት ከባድ ነገሮች እንዳሉ ይዘረዝራል፤ እነርሱም የሞት ፍርሃት፣ የሰውነት ሥቃይና የደስታ መቋረጥ ናቸው። ይህ ክፍፍል ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ቢሆንም፣ ሕመምን ከሐኪም ዓይን ሳይሆን ከታማሚው ከራሱ ልብ ተነሥቶ ለመመርመር ለሚፈልግ ሰው ዛሬም የታመነ ልክ ነው። ደብዳቤውን ያስጻፈው ምክንያት ደግሞ ወረርሽኝ ወይም የጦር ሜዳ ቁስል ሳይሆን፣ ሉኪሊዮስን ደጋግሞ ያስቸገረው የአፍንጫ ፈሳሽና እርሱን ተከትሎ የሚመጣው አጭር ትኩሳት ነበር። ስለዚህ ከጥንቱ ዓለም ስለ ሕመም ከተጻፉት ጥልቅ ጽሑፎች አንዱ የተነሣው፣ ዛሬ ማንም ሰው ጉንፋን ብሎ ከሚያልፈው ሕመም ጋር ከሚቀራረብ ችግር ነው ማለት ይቻላል።

ሴኔካ የዘረዘራቸው ሦስቱ ሸክሞች በጉንፋን ላይ ሲመዘኑ ግን ሦስቱም አይገኙም። የሰውነት ሥቃይ አለ፤ የደስታ መቋረጥም አለ፤ የመጀመሪያው፣ ማለትም የሞት ፍርሃት ግን የለም። ጤናማ የሆነ ጎልማሳ ሰው ጉንፋን ሲይዘው እንደማይሞት ያውቃል፤ ቤተሰቡም፣ የሥራ ባልደረቦቹም፣ የሚያማክረው ሐኪምም ይህንኑ ያውቃሉ። በከባድ ሕመሞች ውስጥ ፍርሃትና ሥቃይ ተጣብቀው ስለሚመጡ፣ ታማሚው የሚያቃስተው ስለሚያመው ይሁን ስለሚፈራ ለይቶ ማወቅ ያስቸግራል፤ ጉንፋን ግን ፍርሃቱን አስወግዶ ሥቃዩን ብቻውን ስለሚያስቀር፣ የሥቃይ መጠንና የአደጋ መጠን ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በግልጽ ያሳያል። የዚህ ሐተታ ፍሬ ሐሳብም ይኸው ነው፤ ጉንፋን የያዘው ሰው ለራሱም ለሌላውም አስቂኝ ሆኖ የሚታየው ሥቃዩ ሐሰት ስለሆነ ሳይሆን፣ ሥቃዩ እውነት ሆኖ ሳለ አደጋው ስለሌለ ነው፤ ይህን ልዩነት በትክክል የተረዳ ሰው ደግሞ ስለ ርኅራኄ አንድ ቁም ነገር ይማራል።

በሕክምና አነጋገር ጉንፋን የላይኛውን የመተንፈሻ አካል፣ ማለትም አፍንጫን፣ ጉሮሮንና ከአፍንጫ ጋር የሚገናኙትን የፊት አጥንት ክፍተቶች የሚያጠቃ ተላላፊ ሕመም ነው። የአውሮፓ ሐኪሞች የጥንቶቹን ግሪኮች ትምህርት ተከትለው የአፍንጫ ፈሳሽ ከአንጎል ወደ ታች የሚወርድ እንደሆነ ለረጅም ዘመን ሲያምኑ ኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ1660ዎቹ በዊተንበርግ ያስተምር የነበረው ኮንራድ ቪክቶር ሽናይደር ፈሳሹ የሚመነጨው ከአፍንጫው ከራሱ የውስጥ ሽፋን መሆኑን በሰፊው ጽፎ አስረዳ። በ1914 ደግሞ በላይፕሲግ ይሠራ የነበረው ቫልተር ክሩዘ ጉንፋን ከያዘው ሰው አፍንጫ የተወሰደውን ፈሳሽ ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጣሪያ አጥልሎ በጤነኞች አፍንጫ ውስጥ ሲጨምረው፣ ከእነርሱ አንዳንዶቹ ጉንፋን ያዛቸው፤ በዚህም መንሥኤው ከባክቴሪያ ያነሰ ነገር መሆኑ ታወቀ። ይህ ነገር ዛሬ ቫይረስ ይባላል፤ ቫይረስ ሕያው ሴል ውስጥ ካልገባ በቀር ሊባዛ የማይችል እጅግ ረቂቅ ተሕዋስ ነው። ጉንፋንን ከሚያስከትሉት ብዙ ቫይረሶች መካከል በብዛት የሚገኘው በ1950ዎቹ ተለይቶ የታወቀው ራይኖቫይረስ ሲሆን፣ እርሱ ብቻውን ከ160 የሚበልጡ ዓይነቶች አሉት። አንዱን ዓይነት ያሸነፈ ሰውነት ለሌላው አዲስ ስለሚሆን፣ ጎልማሳ ሰው በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ ሕፃን ልጅ ደግሞ ከዚያ እጥፍ በሚበልጥ መጠን ጉንፋን ሊይዘው ይችላል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ራይኖቫይረስ በራሱ የሚያደርሰው ጥፋት ትንሽ ነው። በብዛት የሚራባው ከሰውነት የውስጥ ሙቀት ዝቅ ባለ፣ ከ33 እስከ 35 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት በመሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ከአፍንጫና ከጉሮሮ አካባቢ ብዙም ርቆ አይሄድም፤ የሚገድላቸውም ሴሎች ጥቂቶች ናቸው። ታማሚውን የሚያሠቃየው በዋናነት የሰውነቱ መከላከያ የሚወስደው እርምጃ ነው። መከላከያው የጠላትን መግባት ሲረዳ በአፍንጫ ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን የደም ሥሮች የሚያሰፉ፣ የሕመም ስሜት የሚያደርሱ ነርቮችን የሚያነቁና ፈሳሽ የሚያመነጩ ዕጢዎችን የሚቀሰቅሱ ኬሚካሎችን ይለቃል። በመሆኑም አፍንጫ የሚታፈነው ብዙ ሰው እንደሚያስበው በንፍጥ ብቻ ሳይሆን፣ በአመዛኙ በደም ተሞልቶ ባበጠው በራሱ ሥጋ ነው፤ ጉሮሮን የሚከረክረው፣ ዓይንን የሚያስለቅሰውና ግንባርን የሚያስከብደውም ይኸው መከላከያ ነው። ጉንፋን የያዘው ሰው ሥቃዩን የሚቀበለው ከጠላቱ ይልቅ ከጠባቂው እጅ መሆኑ ለሐሳብ የሚጋብዝ ነገር ነው፤ ምክንያቱም አንድ ሰው በውጭ ያለ ባላጋራን ሊቆጣና ሊራገም ይችላል፣ ራሱን ለማዳን የሚደክም ሰውነቱን ግን ለመክሰስ ምክንያት የለውም። የትንሹን ወራሪ መጠንና የትልቁን መከላከያ ሁካታ ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው፣ የጉንፋን አስቂኝነት ከታማሚው ጠባይ በፊት ከራሱ ከሰውነት አሠራር እንደሚጀምር ይረዳል።

ሥቃዩ ግን በዝርዝር መታየት ይገባዋል፤ ምክንያቱም ሰዎች ጉንፋንን የሚያቃልሉት አብዛኛውን ጊዜ በጥቅሉ ስለሚያስቡት ነው። የመጀመሪያው ቀን ጉሮሮን በመከርከርና በብርድ ብርድ ማለት ይጀምራል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ሕመሙ ከፍተኛ ደረጃው ላይ ይደርሳል፤ አብዛኛውን ጊዜም ከሰባት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይለቃል። በእነዚህ ቀናት ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው ሌሊቱ ነው። የተኛ ሰው ደም ወደ ራሱ ስለሚመለስ አፍንጫው ቀን ከነበረበት ይበልጥ ይታፈናል፤ በቀኝ ጎኑ ሲተኛ የቀኙ ቀዳዳ ይደፈናል፣ ሲገላበጥም ግራው ተራውን ይወስዳል፤ በአፉ ሲተነፍስ ጉሮሮው ይደርቃል፣ ውኃ ሊጠጣ ሲነሣ እንቅልፉ ይሸሻል። ጠዋት ቡና ሲቀርብለት ሙቀቱን እንጂ መዓዛውን አያገኝም፤ ምላስ ጣፋጩን፣ ጨዋማውን፣ ጎምዛዛውንና መራራውን ከመለየት ብዙም ስለማያልፍ፣ የምግብ ጣዕም የሚባለው ነገር አብዛኛው ከአፍ በስተኋላ ወደ አፍንጫ የሚወጣ ሽታ በመሆኑ፣ አፍንጫ ሲዘጋ ዶሮ ወጥም ሽሮም በምላስ ላይ ይቀራረባሉ። ሴኔካ የደስታ መቋረጥ ያለው ሦስተኛው ሸክም በጉንፋን ውስጥ እንዲህ ባለ ጥቃቅን መንገድ ይፈጸማል፤ ታላቁ ደስታ አይወሰድም፣ ነገር ግን ቀኑን ቀን የሚያሰኙት ትንንሽ ደስታዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጠፋሉ።

ሕመሙ በሰውነት ላይ ብቻም አያቆምም። አሜሪካዊው የእንስሳት ሐኪም ቤንጃሚን ሃርት በ1988 ባሳተመው ጥናት፣ የታመሙ እንስሳት መፍዘዛቸው፣ ምግብ መጥላታቸውና ከመንጋው መለየታቸው የድካም ውጤት ብቻ ሳይሆን፣ ሰውነት ኃይሉን ለመከላከያው ለማዋል የሚወስደው የተደራጀ እርምጃ መሆኑን አስረድቷል፤ በዘርፉ አጥኚዎች ዘንድ ይህ ሁኔታ የሕመም ጠባይ ተብሎ ይታወቃል። ጉንፋን የያዘው ሰውም በዚሁ ጠባይ ሥር ይወድቃል፤ ሐሳቡ ይዘገያል፣ ትዕግሥቱ ያጥራል፣ ትናንት የተወደደው ሥራ ዛሬ ትርጉም ያጣበታል፣ ዓለሙም ከጋቢው፣ ከመሐረቡና ከሻይ ብርጭቆው ብዙም አይሰፋም። በምክንያት የሚያምን ሰው ከሳምንት በኋላ ደኅና እንደሚሆን በእርግጥ ያውቃል፤ ነገር ግን ይህ ዕውቀት ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት አፍንጫውን አይከፍትለትም። ሕመሙ ትንሽ መሆኑን ማወቅና ሕመሙ ሁሉን የሸፈነ ሆኖ መሰማት በአንድ ሰው ልብ ውስጥ በአንድ ጊዜ ይኖራሉ፤ ሁለቱም እውነት ናቸው፣ አንዱም ሌላውን አያጠፋውም።

ሣቅ የሚመጣው ከዚህ የሁለት እውነቶች መገናኛ ነው። አሪስጣጣሊስ ስለ ሥነ ግጥም በጻፈው መጽሐፉ አስቂኝ የሆነውን ነገር ሲተረጉም፣ ሥቃይና ጥፋት የማያስከትል ስሕተት ወይም አስቀያሚነት እንደሆነ ይገልጻል፤ ለዚህም አስቀያሚና የተጣመመ ሆኖ ሕመም የሌለበትን የቀልድ ጭምብል በምሳሌነት ያቀርባል። ጉንፋን ይህን ትርጓሜ በጥቂቱ እንዲሻሻል ያስገድደዋል፤ ምክንያቱም ሥቃይ አለበት፣ ጥፋት ግን የለበትም፣ ሆኖም ያሥቃል። ስለዚህ ሣቅን የሚከለክለው ሥቃዩ ራሱ ሳይሆን የጥፋቱ ፍርሃት ነው ማለት ይቻላል። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሄንሪ ቤርግሶን ደግሞ በ1900 ስለ ሣቅ ባሳተመው መጽሐፍ፣ የሰው መንፈስ ትልቅ ጉዳይ በያዘበት ጊዜ ትኩረትን ወደ ሥጋው የሚመልስ ማንኛውም አጋጣሚ አስቂኝ እንደሚሆን አስተምሯል፤ ያነሣውም ምሳሌ በንግግሩ ልብ የሚነካ ቦታ ላይ ሲደርስ የሚያስነጥስ ተናጋሪ ነው። በዚህ ምሳሌ ውስጥ ተናጋሪው ምንም አላጠፋም፣ ሐሳቡም አልተቀየረም፤ የተለወጠው ነገር ቢኖር ነፍስ ብቻ መስሎ ቆሞ የነበረው ሰው አፍንጫ እንዳለው መታወሱ ነው። ጉንፋን ይህን ማስታወሻ ለአንድ ቅጽበት ሳይሆን ለሳምንት ያህል ሳያቋርጥ ያቀርባል፤ ዳኛውን በችሎት፣ መምህሩን በሰሌዳ ፊት፣ ካህኑን በቅዳሴ መካከል፣ ሙሽራውን በሠርጉ ዕለት እኩል ይይዛል፣ የተከበረውንም ድምፅ ያጎረንናል።

ፍልስፍና ራሱ ከዚህ ዓይነቱ መቋረጥ ነፃ ሆኖ አያውቅም። አፍላጦን ስለ ፍቅር በጻፈው «ግብዣ» በተባለው ድርሳን ውስጥ፣ ተናጋሪዎቹ በየተራ ፍቅርን እያወደሱ ሳለ የቀልድ ተውኔት ደራሲው አሪስቶፋኒስ ተራው ሲደርስ ስቅታ ይይዘዋል፤ አጠገቡ የነበረው ሐኪም ኤሪክሲማኮስ ትንፋሹን እንዲይዝ፣ በውኃ እንዲጉመጠመጥ፣ ያ ካልሆነም አፍንጫውን ነካክቶ እንዲያስነጥስ ያዝዘዋል፣ በመጨረሻም ስቅታው የሚቆምለት በማስነጠሱ ነው። ከዚህ በኋላ አሪስቶፋኒስ የሚያደርገው ንግግር በድርሳኑ ውስጥ ካሉት ሁሉ ይበልጥ ሲታወስ የኖረ ነው። አፍላጦን ይህን ትዕይንት ያስገባበት ምክንያት ብዙ ቢያከራክርም፣ ቢያንስ አንድ ነገር ከጽሑፉ በግልጽ ይነበባል፤ ስለ ከፍተኛው ነገር የሚናገረው አንደበትና የሚያስነጥሰው አፍንጫ የአንድ ሰው ናቸው፣ ንግግሩም በማስነጠሱ አልረከሰም።

ሴኔካም ለሉኪሊዮስ የሚመክረው ከልምዱ ተነሥቶ ነው። በወጣትነቱ ይኸው የአፍንጫ ፈሳሽ ሕመም ሥር ሰዶበት፣ ሰውነቱ እጅግ ከስቶ፣ ብዙ ጊዜ ሕይወቱን ለማጥፋት እስከ ማሰብ እንደ ደረሰ፣ ከዚህ ሐሳብ የመለሰውም ያረጀው አባቱ ሐዘኑን ሊችል እንደማይችል መገንዘቡ እንደሆነ ይተርካል፤ ከዚያም ለመዳኑ ከረዱት ነገሮች መካከል ፍልስፍናንና ሊያበረታቱት አጠገቡ የተቀመጡትን፣ የሚያዋሩትን ወዳጆቹን ይጠቅሳል። በዘመናችን ሰው ዓይን የሴኔካ ሕመም ከተራ ጉንፋን የከፋ እንደነበረ ግልጽ ነው፤ ቢሆንም ሕመሙን ሳያፍርበት መጻፉ ትልቅ ትምህርት አለው። ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንትም በእርጅናው ዘመን በ1798 ባሳተመው «የፋኩልቲዎች ግጭት» በተባለው መጽሐፉ ሦስተኛ ክፍል፣ የሰው ልብ በቁርጥ ውሳኔ ብቻ የሕመም ስሜቶችን ምን ያህል ሊገዛ እንደሚችል ሲመረምር፣ እንቅልፍ ይነሣው የነበረውን ጉንፋንና ሳል ከንፈሩን ዘግቶ በአፍንጫው ብቻ በመተንፈስ እንዳሸነፈው ጽፏል። የንጹሕ አመክንዮን ወሰን የመረመረ አእምሮ ለአፍንጫ አተነፋፈስ ይህን ያህል ትኩረት መስጠቱ ለሣቅ ይጋብዝ ይሆናል፤ ሣቁ ግን ንቀት ሊሆን አይገባውም፣ ምክንያቱም ካንት የጠየቀው ጥያቄ እውነተኛ ነው፤ ሕመሙን ማስወገድ የማይችል ሰው በሕመሙ ውስጥ ምን ያህል ነፃነት ይቀርለታል?

እነዚህ ጸሐፊዎች ግን በቁጥር ጥቂቶች ናቸው። እንግሊዛዊቷ ደራሲ ቨርጂኒያ ዉልፍ በ1926 ስለ መታመም ባሳተመችው ድርሰት፣ ሕመም የሰውን ውስጥ ይህን ያህል የሚለውጥ ሆኖ ሳለ ከፍቅር፣ ከጦርነትና ከቅናት ጋር ከሥነ ጽሑፍ ዋና ዋና ርእሶች ተርታ አለመመደቡ እንግዳ ነገር መሆኑን አንሥታለች። ከሕመሞችም መካከል የሳንባ ነቀርሳና የልብ ሕመም በልቦለዶች ውስጥ ቦታ ሲያገኙ፣ ጉንፋን ግን በአብዛኛው የቀልድ ገጸ ባሕርይ መለያ ሆኖ ቀርቷል። የዚህ ምክንያት ከላይ ከተባለው የተለየ አይደለም፤ አንባቢ ከታሪክ የሚጠብቀው አደጋን ነው፣ ጉንፋን ደግሞ የሚያቀርበው አደጋ የለውም። ሥቃይ ያለ አደጋ ሲመጣ የሥነ ጽሑፍም የኅብረተሰብም ትኩረት ያልፈዋል።

ኅብረተሰቡ ለጉንፋን የሚሰጠው ቦታ በኢትዮጵያ ልማድ ውስጥ በጥሩ ሁኔታ ይታያል። የታመመን መጠየቅ በዚህ አገር ትልቅ ግዴታ ነው፤ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ትምህርት ከስድስቱ ቃላተ ወንጌል አንዱ ሲሆን፣ በእስልምናም ሙስሊም ለሙስሊም ወንድሙ ካለበት ግዴታ ይቆጠራል፣ ለሚያስነጥስና ፈጣሪውን ለሚያመሰግን ሰው የምሕረት ምላሽ መስጠትም ከዚሁ ግዴታ ጋር ተያይዞ ተቀምጧል። ጉንፋን ለያዘው ሰው ግን ብርቱካንና ሙዝ ይዞ ቤት ድረስ የሚሄድ ጠያቂ አይኖርም፤ በጠያቂ ፋንታ የሚመጣለት ምክር ነው። አንዱ ዝንጅብል በማር ይለዋል፣ ሌላዋ ነጭ ሽንኩርት፣ ሦስተኛው ፌጦ በሎሚ፣ ጎረቤቲቱ ጤና አዳም ወይም ዳማ ከሴ ታስቆርጥለታለች፣ እናቱ ደግሞ የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልታ ጋቢ አከናንባ በእንፋሎቱ ታጥነዋለች፣ ሲመሽም አጥሚት ታቀርብለታለች። ሲያስነጥስ «ይማርህ» ይባላል፤ እርሱም «ያኑርህ» ብሎ ይመልሳል። ከእነዚህ መድኃኒቶች መካከል ቫይረሱን እንደሚያጠፋ የተረጋገጠ የለም፤ ትኩስ መጠጥና ማር ጉሮሮን እንደሚያለሰልሱ፣ እንክብካቤም ልብን እንደሚያሳርፍ ግን የታመመ ሁሉ ያውቀዋል። ማንም ሞቱን ያልፈራለት ሰው ይህን ያህል ምክር መቀበሉ፣ ኅብረተሰቡ ለአደጋው ባይጨነቅም ለሥቃዩ ጨርሶ ዓይኑን እንዳልጨፈነ ያመለክታል።

የጉንፋን አመጣጥም ቢሆን የሰውን ልጅ ሲያከራክር የኖረ ነገር ነው። በአዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ መስኮት ሲከፈት ነፋስ ይመታኛል የሚል ተሳፋሪ ይዝጋ ይላል፣ ሙቀቱ የከበደው ይከፈት ይላል፤ ይህ ክርክር ግን የአዲስ አበባ ብቻ አይደለም። በመስከረም 1776 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የነፃነት መሪዎች የነበሩት ቤንጃሚን ፍራንክሊንና ጆን አዳምስ ከእንግሊዝ መልእክተኛ ጋር ለመነጋገር ሲጓዙ በኒው ጀርሲ ኒው ብራንዝዊክ በአንድ ጠባብ ክፍል፣ በአንድ አልጋ ለመተኛት ተገደዱ፤ አዳምስ የሌሊቱን አየር ፈርቶ መስኮቱን ሲዘጋ፣ ፍራንክሊን ሰዎች ጉንፋን የሚይዛቸው ከብርድ ሳይሆን በተዘጋ ክፍል ውስጥ አንዳቸው የሌላውን አየር ሲተነፍሱ ነው የሚለውን አስተያየቱን እያብራራ መስኮቱ እንዲከፈት ጠየቀ፣ አዳምስም ትምህርቱን እያዳመጠ እንቅልፍ ወሰደው። ፍራንክሊን ቫይረስ የሚባል ነገር ከመታወቁ ከመቶ ዓመት በፊት ስለ መተላለፉ በብዙ የቀና ግምት ነበረው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ከ1946 ጀምሮ ከ40 ዓመታት በላይ በእንግሊዝ አገር በሶልዝበሪ ይሠራ የነበረው የጉንፋን ምርምር ተቋም፣ ፈቃደኞችን በውኃ አርሶ በነፋሻ መተላለፊያ ላይ እንዲቆሙ በማድረግ ጭምር ብርድ ብቻውን ጉንፋን እንደማያመጣ አሳየ፤ በ2005 ግን በካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ በ180 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ እግራቸውን ለ20 ደቂቃ በቀዝቃዛ ውኃ ካስገቡት መካከል በቀጣዮቹ ቀናት የጉንፋን ምልክት የታየባቸው ካላስገቡት በልጠው ተገኙ። ብርድ ያለ ቫይረስ ጉንፋን አያመጣም፤ ቀድሞ በአፍንጫ ውስጥ የተደበቀውን ቫይረስ ግን ሊያግዝ ይችል ይሆናል።

የሶልዝበሪው ተቋም ታሪክ ለዚህ ሐተታ ተጨማሪ ትምህርት ይሰጣል። በተቋሙ ወደ 20,000 የሚጠጉ ጤነኛ ፈቃደኞች ለአሥር ቀን ያህል ከሌላው ሰው ተለይተው እየተቀመጡ፣ ቫይረስ ያለበት ወይም የሌለበት ጠብታ በአፍንጫቸው ተቀብለዋል፤ ሐኪሞቹም የሕመሙን መጠን ከሚለኩባቸው መንገዶች አንዱ እያንዳንዱ ሰው የተጠቀመበትን የወረቀት መሐረብ መቁጠር ነበር። ለሕመሙ ፈውስ ሳይገኝ ተቋሙ ተዘጋ፤ ይሁን እንጂ በዚያው በዴቪድ ታይረል መሪነት በ1960ዎቹ የሰውን ጉንፋን ከሚያስከትሉ ቫይረሶች መካከል ኮሮናቫይረስ የተባለው ወገን ሊለይ ቻለ። የሚናቀውን ሕመም በቁም ነገር የመረመሩ ሰዎች፣ ከግማሽ ምእተ ዓመት በኋላ ዓለምን ያስጨነቀውን የበሽታ ቤተሰብ ቀድመው አውቀውት ነበር።

ይህም የሣቁን ወሰን ወደሚያሳየው ነጥብ ያደርሳል። ኅዳር 1911 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተዛመተው ኢንፍሉዌንዛ፣ ማለትም ከጉንፋን ጋር በምልክቱ የሚመሳሰል ነገር ግን በሌላ ቫይረስ የሚመጣ እጅግ የከፋ ሕመም፣ የኅዳር በሽታ ተብሎ ብዙ ሕዝብ ፈጅቷል፤ በጊዜው አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪም ታመው ተርፈዋል፤ በኅዳር 12 ቆሻሻ ተጠርጎ የሚቃጠልበት ልማድም ከዚያ መታሰቢያ ጋር ተያይዞ እስከ ዛሬ ይኖራል። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ በኢትዮጵያ መገኘቱ ከተነገረ በኋላም፣ በአውቶቡስ ውስጥ የተሰማ አንድ ሳል ተሳፋሪውን ሁሉ አስደንግጧል። ሳሉ ከቀድሞው አልተለየም፣ ማስነጠሱም ያው ነው፤ የተመለሰው ከሴኔካ ሦስት ሸክሞች የመጀመሪያው ነው፣ እርሱ ሲመለስም ሣቁ ወዲያው ቆመ። ለጨቅላ ሕፃን፣ ለአስም ታማሚና ለደካማ አረጋዊ ራይኖቫይረስ ራሱ ወደ ሳንባ ወርዶ ለሕይወት የሚያሰጋ ሊሆን ስለሚችል፣ በእነርሱ ጉንፋን ላይ የሚሥቅ ጤናማ ልብ ያለው ሰው አይገኝም። ይህ ሁሉ የሚያረጋግጠው የጉንፋን ሣቅ ሥቃይን ከመናቅ የሚመነጭ ሳይሆን፣ ታማሚው እንደሚድን ከመታመን የሚመነጭ መሆኑን ነው።

ሆኖም በዚህ መታመን ውስጥ አንድ የፍርድ ስሕተት ሊደበቅ ይችላል። ሰዎች አደጋው ትንሽ መሆኑን ሲያውቁ ሥቃዩም ትንሽ እንደሆነ ይደመድማሉ፤ ይህ ድምዳሜ በጉንፋን ላይ ሲፈጸም ጉዳቱ ቀላል ነው፣ ነገር ግን በየዕለቱ ራስ ምታት በሚያሠቃየው፣ በወር አበባ ሕመም በምትሠቃይ፣ ለዓመታት ጀርባውን በሚያመውና እንቅልፍ ባጣ ሰው ላይ ሲፈጸም ጭካኔ ይሆናል። እነዚህ ሰዎች ሁሉ የሚሰሙት አንድ ዓይነት መልስ ነው፤ አይገድልም ይባላሉ። መልሱ ስለ አደጋው እውነት ነው፤ ስለ ሥቃዩ ግን ምንም አልተናገረም። የሕክምና ጥድፊያ አደጋን መከተሉ ተገቢ ነው፣ ምክንያቱም ሐኪምና መድኃኒት በቂ ባልሆኑበት ቦታ ቅድሚያ የሚሰጠው ለሚሞተው ነው፤ ርኅራኄ ግን የሚከተለው ሥቃይን ነው፣ ቅድሚያ ለመስጠትም አይገደድም፣ አንዱን ሲያጽናና ለሌላው የሚያንስ ነገር የለውምና።

ይህን ልዩነት ለመማር ከጉንፋን የተሻለ መምህር ማግኘት ያስቸግራል፤ ምክንያቱም ጉንፋን ማንንም ሳይለይ ሁሉንም ይይዛል፣ ሳይገድልም ያሠቃያል። ትምህርቱን የሚያሰናክለው የሰው መርሳት ብቻ ነው። አፍንጫው የተከፈተለት ሰው በመጀመሪያው ጠዋት የቡናውን መዓዛ በምስጋና ይቀበላል፤ በማግስቱ ግን መተንፈስ ስጦታ መሆኑን ይረሳና፣ አጠገቡ ሲያስነጥስ የሚሰማውን ባልደረባውን እንዳጋነነ ይቆጥረዋል። የዳነ ሰው ስለ ሌላው ሥቃይ የሚሰጠው ፍርድ የተሳሳተ የሚሆነው ልቡ ክፉ ስለሆነ ሳይሆን የራሱን ሥቃይ ስለረሳ ከሆነ፣ ማስታወስ ራሱ የሥነ ምግባር ግዴታ ነው ማለት ይገባል። ጉንፋን ከያዘው ሰው ጋር አብሮ መሣቅ የሚገባው ይህን ግዴታ የፈጸመ፣ ማለትም የራሱን ሌሊት ያልረሳ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለው ሰው ሣቁን ከጨረሰ በኋላ ዝንጅብሉን አፍልቶ ማቅረብ እንዳለበትም ያውቃል።